ዶክተር፣ እስቲ ቀና ብለው ይዩን!

“ከፍትፍቱ ፊቱ” ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ያለው ለእንግዳ ነው። የራበው እንግዳ እንኳ ከሚቀርብለት ምግብ በፊት የአቅራቢውን ፊት ያነባል ማለቱ ነው። ለጤነኛ እንግዳ ይህን ያህል የታሰበበት ፊት ታዲያ በሌሊት ተነስቶ፣ ከግራዋ ወይም ከኩርፋ ጨሌ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ጎህ ሲቀድ ሐረር ደርሶ ካርድ ለማውጣት ለሚሰለፍ ሕመምተኛ ለምን ይነፈገዋል?

ተራው ሲደርስ ሐኪሙ ከጠረጴዛው ቀና አይልም። ካርዱን እያየ “እሺ፣ ምንህን ነው?” ይላል። ሰውየው ገና “ሦስት ወር ሆነኝ…” ብሎ ሲጀምር እስክሪብቶው ወረቀት ላይ መሮጥ ይጀምራል። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ! “ላብራቶሪ ሂድ።” አለቀ። ሰውየው በረንዳው ላይ ቆሞ ወረቀቱን ይገለባብጠዋል። ምኑን ያነበዋል? በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው አጠገቡ ቢገኝ እንኳ ያ የዶክተር ጽሕፈት ነው፤ ፋርማሲስትም ይጨነቅበታል።

ከመጀመሪያው ግልጽ እንሁን፣ አንባቢ ሆይ። ሐኪም ልሰድብ አልተነሳሁም። ሐረር ውስጥ እጃቸውም አንደበታቸውም የሚፈውስ ሐኪሞች አሉ፤ በአንዳንዶቹ እጅ ድኛለሁ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሐኪም ከሕመምተኛ ጋር የሚያደርገው ንግግር የትህትና ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ይቅር፤ ራሱ ሕክምና ነውና። ንግግሩ ሲበላሽ ምርመራው ይበላሻል፤ ምርመራው ሲበላሽ ክኒኑ የሌላ ሰው በሽታ ያክማል።

ባለፈው ዓመት ዘመድ ላስታምም ከከተማችን የሕክምና ተቋማት በአንዱ ሰንብቼ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አንዲት የፈዲስ እናት ገቡ። በሩ አልተዘጋም፤ አብዛኛውን ጊዜም አይዘጋም። እሳቸው አማርኛ አይሰሙም፤ ወጣቱ ሐኪም ኦሮምኛ አይሰማም። “የሚያስተረጉም ሰው የለም እንዴ?” ብሎ ሲጣራ ጥበቃው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ገባ። ሴትዮዋ ጥበቃውን አዩት፤ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ነው። መሬት መሬት እያዩ “ገራ” አሉ፤ ሆዴን ማለታቸው ነው። “ሆዷን ነው የሚያማት” አለ ጥበቃው። “ያቃጥላታል?” “አዎ ያቃጥላታል።” ይህን ሲል ሴትዮዋን አልጠየቃቸውም፤ ከራሱ ነው የመለሰው! ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ሐረር ተወልዶ ኦሮምኛ የማይሰማ ብርቅ ነው። ሴትዮዋ ወጥተው ከሰፈራቸው ሴት ጋር ሲያንሾካሹኩ ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ያመማቸው ጨጓራ አልነበረም። የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ማህፀናቸው እየወጣ ሲያሰቃያቸው የኖረ ነው። ይህን ነው እንግዲህ በጥበቃ አፍ፣ በተከፈተ በር፣ ወንድ በተሰለፈበት ይናገሩ የተባሉት! ኦሮምኛ የምትናገር ነርስ ለምነን መልሳ አስገባቻቸው። በሩ ተዘጋ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ሐኪሙም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲነገረው ክው ነው ያለው። ያች ነርስ ግን ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው። አስተርጓሚነት የሥራ መደቧ አይደለም፤ የሚከፈላትም ነገር የለም። የዚያን ዕለት ባትገኝስ?

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያጠሩት ጁገል አምስት በር ነበረው። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ገበያተኛ በየቋንቋው ይገባበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ሁላችንም ደረታችንን ነፋን። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ (ከዚያ ወዲህ አገር አልተቆጠረም) ከክልሉ ሕዝብ 56 በመቶው ኦሮሞ፣ 23 በመቶ ገደማው አማራ፣ 9 በመቶ ገደማው ሐረሪ ነበር፤ ጉራጌና ሱማሌ እያንዳንዳቸው 4 በመቶ ገደማ። ሆስፒታሎቻችን የሚያክሙት ደግሞ የክልሉን ሰው ብቻ አይደለም፤ የምሥራቅ ሐረርጌ ገጠርና የሱማሌ ክልል ሕመምተኛ ወደዚሁ ነው የሚጎርፈው። የክልሉ ሕገ መንግሥት ሐረሪኛንና ኦሮምኛን የሥራ ቋንቋ አድርጎ ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታፔላውን በዚያው አስጽፏል። ታፔላ ግን ሆድ አይዳብስም! ግንቡ አምስት በር ሲኖረው የሐኪሙ ክፍል አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ሕንድ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው በጎልማሳነታቸው ሲመለሱ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተዋቸዋል ይባላል። አማርኛው ግን ጠፍቷቸው ነበር። የመጀመሪያው ሐኪማችን የገዛ ወገናቸውን በአስተርጓሚ ነው ያከሙት ማለት ነው! የእሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ የእኛ ምክንያት ምንድነው? ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ያለው እዚሁ ሐረር ነው፤ ሕይወት ፋናም በሥሩ ነው። ከጎንደርም ከወላይታም መጥቶ እዚህ ሐኪም ለመሆን የሚማር ወጣት የአጥንት ስም በላቲን ሲሸመድድ “የት ጋ ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ? ደም አለው?” የሚለውን በኦሮምኛና በሱማሊኛ ሳያውቅ መመረቅ የለበትም ባይ ነኝ። አቦ፣ ሁለት መቶ ቃል ነው! ጫት ነጋዴው በስድስት ወር ይለምደዋል።

ይህን ስል ቋንቋ ሲያውቁ ሁሉም ነገር ያልቃል ማለቴ አይደለም። ሐኪሙና ሕመምተኛው ሁለቱም አማርኛ እየተናገሩ የሚተላለፉበት ጊዜ ስንት ነው! “ደም ብዛት” የሚለውን ቃል ውሰዱት። ሐኪሙ የደም ግፊት ማለቱ ነው፤ ደሙ በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በዛ ማለቱ። ሰሚው ግን ደሜ በዛ፣ ሞላ፣ ተትረፈረፈ ብሎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ሥጋ ይተዋል፤ ጨው ግን አይተውም። አንዳንዱ ዋግምት ያስባል። ያው ሰው በሌላ ቀን “ደም ማነስ አለብህ” ሲባል ግራ ይጋባና “እነዚህ ሰዎች ቀልደኞች ናቸው” ብሎ ሁለቱንም መድኃኒት ይጥለዋል። ይስቃል እንጂ ምን ያድርግ?

“ስኳር” የተባለችውም ሴትዮ በሻይዋ ላይ ስኳር ማድረጉን ታቆምና የዳነች ይመስላታል። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ስድስት ወር ዋጥ የተባለውን መድኃኒት ሁለት ወር ሲሞላው ሳሉ ተወው፣ ላቡ ቆመ፣ ሰውነቱ መለሰ፤ ታዲያ ለምን ይውጠው? የደከመው ተሐዋሲ እንጂ የሞተው ሁሉ እንዳልሆነ፣ ቢያቋርጥ መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ እንደሚመለስ ማን ቁጭ አድርጎ ነገረው? “ፖዘቲቭ” የሚለው ቃልማ ከሁሉ ይብሳል። በሬዲዮ “ፖዘቲቭ አስተሳሰብ ይኑራችሁ” ሲባል የሚውል ሰው ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው ሲሉት ቢያመሰግን ምን ይገርማል!

ከሕመምተኛው ወገን ደግሞ “ልቤን”፣ “ምች መታኝ”፣ “ብርድ ገባኝ”፣ “ወጋ ወጋ ያደርገኛል” አለ። “ልቤን” ያለ ሰው ልብ ድካም ይሁን ጭንቀት፣ ማቅለሽለሽ ይሁን ሐዘን የሚታወቀው ሲጠየቅ ነው። በምች የሚስቅ ሐኪም አይቻለሁ። ሳቁ ዋጋ ያስከፍላል። የተሳቀበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ከነሕመሙ ወደ ባሕል ሐኪሙ ወይም ወደ አንዱ አዋች ደጅ ይሄዳል፤ የሄደበትንም ቦታ ሆነ የጠጣውን ቅጠል ለሐኪሙ አይነግርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሚያስደብቀው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አልጨመረበትም።

ጫትም እንደዚያው ነው። ሐረር ውስጥ ጫት የማይጠየቅበት ምርመራ ጎዶሎ ነው። ጫት ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ጥያቄው ግን በፖሊስ ድምፅ ሲመጣ፣ “ትቅማለህ? ስንት ትቅማለህ?” ሲባል፣ ሰውየው “ኧረ አልነካውም!” ይላል፤ ጉንጩ አረንጓዴ ሆኖ። “በርጫ ላይ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ? ማታ እንቅልፍ ይወስድሃል?” ብሎ እንደ ሰፈር ሰው ቢጠይቀው ግን የሚቅመውን ጫት የበቀለበትን ቀበሌ ሁሉ ይዘረዝርለታል።

ስለ “አንተ” እና “አንቱ” አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እዚህ ምሥራቅ ሰው ለሰው “አንተ” ማለት ይቀለዋል፤ ንቀት የለበትም፤ የሰፈራችን ወግ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም የ70 ዓመት ገበሬ “አንተ ዶክተር” ሲለው ፊቱ ይለወጣል። አይለወጥ! ሽማግሌው አቅርቦት እንጂ አዋርዶት አይደለም። ዶክተሩ ግን ለሽማግሌው “አንቱ” ቢል አይጎዳውም። ሁለቱ እኩል አይደሉማ፤ አንዱ ልብሱን አውልቆ ተኝቷል፣ ሌላው ነጭ ጋዋን ለብሶ ቆሟል።

አሁን ሐኪሞቹ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። “አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ወሬ ሥራህ ነው። እኛ በቀን ይህን ሁሉ ሰው እያየን የማንን ታሪክ ቁጭ ብለን እንሰማለን?” ልክ ነው፤ ሰልፉን አይቼዋለሁ። ግን እስቲ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን በድምፅ ቀድተው አዳመጡ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያቋርጠው በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ነበር። የመጡበትን ነገር ሳይቋረጡ የጨረሱት ሩብ እንኳ አይሞሉም። እንዲጨርሱ የተፈቀደላቸው ደግሞ ምን ያህል የፈጁ ይመስላችኋል? አብዛኞቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጁም፤ ከ150 ሰከንድ ያለፈ የለም። ሁለት ደቂቃ ተኩል! ያች የፈዲስ እናት ወጥተው ተመልሰው የገቡበት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። የተቋረጠ ሕመምተኛ ጊዜ አያተርፍም፤ በሳምንቱ ያንኑ በሽታ ይዞ ይመለሳል፤ ሰልፉም ይረዝማል።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ክፉ ዜና መናገር። እኛ መርዶ የምንናገርበት ሥርዓት አለን። ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን የሚይዝ ጎልማሳ አጠገቡ ቆሞ ነው። በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ለብቻ አይነገርም። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን “ካንሰር ነው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሂዱ” የሚባለው ኮሪደር ላይ ነው። የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ስላሉ ስደተኞቻችን በጻፉት ጥናት ይህንኑ ከሌላው ጫፍ አሳይተዋል። የአሜሪካ ሐኪም እንደ አገሩ ደንብ እውነቱን በቀጥታ ለሕመምተኛው ሲያፈርጠው የእኛ ሰው ጭካኔ ብሎ ይወስደዋል፤ በቅድሚያ ለቤተሰብ መነገር ነበረበት ባይ ነው።

እዚህ ላይ ግን እኔ ከባሕላችን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እዚሁ ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ ሲያብጥ የደም ሥር ማበጥ መስሎት ለእናቱ ልዩ ካልሲ ግዢልኝ ብሎ ጻፈ። ሲብስበት በ16 ተሸካሚዎች ቃሬዛ ላይ ሆኖ እስከ ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ዕጢ ነበር። ሐኪሞቹ እውነቱን ለእህቱ ነግረው ለእርሱ ትድናለህ ይሉት ነበር። በ37 ዓመቱ በዚያው ዓመት ሞተ። እስከ መጨረሻው ወደ እኛ ወደ ምሥራቅ ለመመለስ መርከብ ያስብ ነበር። ያ ሰው ኑዛዜውን፣ ዕዳውን፣ የሚሰናበተውን ሰው አስቦ ለመጨረስ ዕድል አግኝቷል? እኛም “እንዳይደነግጥ” ብለን የደበቅነው አባት ልጁን ሳይድር፣ መሬቱን ሳያካፍል ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት ይካሰሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ሕመምተኛው ስለ ሕክምናው ተነግሮት ፈቃዱ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ባሕሉና ደንቡ ሊታረቁ ይችላሉ፤ መታረቂያውም አንድ ጥያቄ ነው። “ውጤቱ ሲመጣ ማን አብሮዎት እንዲሰማ ይፈልጋሉ?” ይበሉት። ወንድሙን ካለ ወንድሙ፣ የአፎቻ ሰው ካለ የአፎቻ ሰው ይጠራ። በር ይዘጋ። ወንበር ይሳብ።

ፈቃድ ካልን ዘንድ፣ የቀዶ ሕክምና ወረቀት ላይ ጣት በቀለም ነክሮ ማሳረፍ ፈቃድ አይባልም። ያ አሻራ ነው።

ንግግር ሕክምና ነው ያልኩት ለማሳመር እንዳልሆነ ለማወቅ ቢሲዲሞን ማየት ይበቃል። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በጀርመን የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊትም በሐረር ፈረንሳዮች የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለዓመታት አክመዋል። ሥጋ ደዌ ነርቭ ሲገድል እግር ስሜት ያጣል። እሾህ ሲወጋው፣ ፍም ሲያቃጥለው ባለቤቱ አያውቅም። መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ይገድላል፤ የሞተውን ስሜት ግን አይመልስም። ከዚያ በኋላ እግሩን የሚያድነው ሰውየው ራሱ ነው፤ በየማታው ተቀምጦ ውስጥ እግሩን እያየ፣ እያጠበ፣ ቅባት እያደረገ። ይህን የሚያደርገው ምክንያቱ ከገባው ነው፤ የሚገባው ደግሞ እግሩን በእጁ ይዞ የሚያሳየው፣ በስሙ የሚጠራው፣ “ቆማጣ” የማይለው ባለሙያ ሲያገኝ ነው። ዛሬ በስኳር ምክንያት እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎችም ይችኑ ትምህርት ነው የሚፈልጉት። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ስኳር ሲበዛባቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ “ጤና ብሪዑት” የሚባል ድርጅት ተቋቋመላቸው፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጤና ማለት ነው። የቋንቋቸውን ሰው አሠልጥኖ በመካከል አቆመ። ባዕድ አገር ለእኛ አስተርጓሚ ሲያሠለጥን እኛ ለፈዲስ እናት ጥበቃ እንጠራለን!

እስካሁን ሐኪምና ሕመምተኛ አልኩ። ሐኪምና ሐኪም፣ ሐኪምና ነርስስ ይነጋገራሉ? ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኛው አጠገብ ያደረችው ሲስተር ናት። ትንፋሹ መቼ እንደፈጠነ፣ ሽንቱ መቼ እንደቀነሰ የምታውቀው እሷ ናት። ጠዋት ዶክተሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲዞር እሷ ከኋላ ካርድ ትይዛለች። ካልተጠየቀች አትናገርም፤ ተናግራ “አንቺ ማን ጠየቀሽ?” የተባለች ደግሞ ሁለተኛ አትናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥብ ያለው መፈተሻ ወረቀት አወጣ። ከነጥቦቹ አንዱ ምንድነው? ምላጭ ከማረፉ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገር የሚል ነው! የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በስምንት አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ወረቀቱ ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። አንዴ ስሟን የተናገረች ነርስ ጨርቅ ሆድ ውስጥ ሲረሳ ለመናገር አፏ አይተሳሰርም።

ለሐኪሞቹ ደግሞ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅዱ “ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ” ባለሙያ እፈጥራለሁ ብሎ መፈክሩን በየግድግዳው ለጥፏል። መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ጋዋናቸውን ለብሰው ብሶታቸውን አደባባይ አወጡ፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተሰብስበው ብዙዎቹ አዝነው ወጡ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደመወዛችን ልጅ አያሳድግም ብለው ሥራ ሲያቆሙ በየከተማው ባለሙያዎች ታሰሩ። ሩህሩህ ሁን ተብሎ የሚታዘዝ ሰው ራሱ ሲናገር የሚሰማው ከሌለ፣ ስምንት ሰዓት ሲሰማ የሚውልበት ጆሮ ከየት ይመጣል? አክባሪነት ከላይ ቢጀመር ኖሮ ለግድግዳው ወረቀት ባላስፈለገ። ይህ ግን የፈዲሷን እናት ዕዳ አይሆንም። እሳቸው ደመወዝ አልከለከሉም።

በጀት የማይፈልግ ነገር ደግሞ አለ፤ ሪፈር ወረቀቱ። ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሐረር የሚላክ ሕመምተኛ በእጁ የሚይዘው ቁራጭ ወረቀት ምን እንደተደረገለት አይናገርም፤ ምን መርፌ እንደተወጋ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ አይታወቅም። የሐረሩ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። ሕመምተኛው ሲመለስም ላኪው መኮንን ምን ሆኖ እንደነበር አይነገረውም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ስህተት ይደግማል። አንድ ወጣት የጤና መኮንን “የላክኋቸው ሰዎች ይዳኑ ይሙቱ ሰምቼ አላውቅም” ብሎኛል። ወረቀቱ ላይ የላኪው ስልክ ቁጥር በሚነበብ ጽሕፈት ቢሰፍር፣ ተቀባዩም ማታ ላይ አንድ ደቂቃ ቢደውልለት ምን ይጎድላል? ቅጹን አይቼዋለሁ፤ ከግርጌው ባዶ ቦታ አለ።